ተማሪው እውነት ኮምፒውተር ይችላል? የመሠረታዊ ኮምፒውተርና የወርድ ችሎታ አመዛዘን፣ ደረጃ በደረጃ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ መሠረታዊ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ብዙ ዓይነት ናቸው። 12ኛ ክፍል የጨረሱ አሉ፤ የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ፤ ሲቪያቸው ላይ «መሠረታዊ ኮምፒውተር» ብለው ለመጻፍ የሚፈልጉ ሥራ ፈላጊዎችም አሉ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ እመዝናቸዋለሁ፤ ሲመጡና ሲጨርሱ።

ቀደም ሲል በሠራሁበት ሌላ ተቋም ምዘናው 20 የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እሱም በወረቀት። አንዲት ልጅ 19 አገኘች። በዚያ ሰርተፍኬት አንድ ቢሮ ለልምምድ ገባች። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ደብዳቤ ጻፊ ተባልኩ። ጽፌ ጨረስኩና ዘጋሁት። አሁን የት እንደገባ ጠፋኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሴቭ ማድረግ ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ፈተናው ላይ በትክክል መልሳለች። ሴቭ ያደረገችው ነገር የት እንደሚቀመጥ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የመዘንናት የእኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምዘናዬን ሁለት ነገር ላይ አቆምኩት። አንደኛው የተማሪው እጅ ነው። ሁለተኛው የፋይሉ ሆድ ነው። የታተመው ወረቀት ሊያታልል ይችላል፤ ፋይሉን ከፍቶ ውስጡን ማየት ግን አያታልልም። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት መንገድ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ግማሽ ቀን ይመዘንበታል። ለትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህራንም፣ ለማሠልጠኛዎችም፣ አዲስ ሠራተኛ ለሚቀጥሩም ይሆናል።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ባዮሎጂውን እያወቀ ደቂቃው ሊያልቅበት ይችላል። ይህን አስቀድሞ አይቶ ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው።

1. ክፍሉን ከዋዜማው አዘጋጁ

በምዘናው ቀን የሚፈጠረው ችግር አብዛኛው የማሽን ችግር ነው፤ የተማሪ አይደለም። ስለዚህ ማታውኑ እያንዳንዱን ኮምፒውተር አብርታችሁ እነዚህን እዩ።

ሁሉም ላይ ያለው ወርድ (የማይክሮሶፍት የጽሕፈት ፕሮግራም) ተመሳሳይ እትም ነው? ካልሆነ መመሪያችሁ ላይ «ይህን ቁልፍ ተጫን» ብላችሁ የጻፋችሁት ግማሹ ክፍል ላይ አይሠራም። የአማርኛ ኪቦርዱስ ሁሉም ላይ አለ? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀየረውስ በአንድ ዓይነት ቁልፍ ነው? የወረቀቱ መጠን ኤ4 ነው ወይስ ሌተር? ብዙ ማሽን ላይ ሌተር ሆኖ ይገኛል። ኤ4 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌተር ትንሽ ሰፋ ብሎ ያጥራል። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ደብዳቤው ሲታተም ግርጌው ይበላሽበታል።

መብራቱን አትርሱ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ ወርድ ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ የሚለው ውስጥ ግቡ። ወርድ በራሱ ረቂቅ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ አውርዱት። በምዘና ሰዓት መብራት ሄዶ የ9 ደቂቃ ሥራው የጠፋበት ልጅ ፊት ቆማችሁ የምትሉት ነገር የላችሁም።

በመጨረሻም የምትሰጡትን ሥራ ከክፍሉ ማሽኖች ቀርፋፋው ላይ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ሥሩት። እኔ 12 ደቂቃ ከፈጀብኝ ለጀማሪ 40 ደቂቃ እሰጣለሁ።

2. በጨዋታ ጀምሩ

«ኮምፒውተር ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሚችለው «ትንሽ ትንሽ» ይላል፤ የማይችለውም «ትንሽ ትንሽ» ይላል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፒውተር የነካኸው መቼ ነው? ምን ሠራህበት?»

መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። «ፊልም አየሁበት» ያለው መክፈትና መዝጋት ያውቃል፤ መጻፍ ላያውቅ ይችላል። «ጽሕፈት ቤት ሄጄ ልጅቷ ሲቪ ሠራችልኝ» ያለው ኮምፒውተሩን ከጀርባ ሆኖ ነው ያየው። «ስልኬ ላይ ነው ሁሉን የምሠራው» የሚለው መልስ በጣም በዝቷል። እነዚህን ልጆች አትናቁ። ቴሌግራም ላይ አማርኛ ሲጽፉ ጣታቸው አይታይም። ዕውቀቱ አላቸው፤ መሣሪያው ነው የተለየባቸው።

ይህ 2 ደቂቃ ነጥብ የለውም። ልጁ እንዲረጋጋ ነው።

3. እጁን እዩ

ይህ ክፍል 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ 20 ነጥብ አለው። ከልጁ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ቁሙ። አንድ በአንድ በቃል እዘዙ፤ አትርዱ።

ኮምፒውተሩን አብራ። ዴስክቶፕ ላይ በስምህ ፎልደር ክፈት። «ረቂቅ» የሚል ፋይል እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ፈልገህ አምጣ። ወደ ፎልደርህ ኮፒ አድርገው። ስሙን «መልመጃ 1» በለው። ፍላሹ ላይም አንድ ቅጂ አስቀምጥ። ፍላሹን በሥርዓት ንቀል። ኮምፒውተሩን አጥፋ።

ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡት። እኔ የማስቀምጠው ዳውንሎድስ ውስጥ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። በሕይወታቸውም የሚጠፋባቸው እዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከላቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ፋይሉ ማሽኑ ላይ የት እንዳረፈ ግን አያውቁም።

ባለፈው አንድ ልጅ ነበር፤ 18 ዓመት ቢሆነው ነው። ማውሱን ትቶ ስክሪኑን በጣቱ ነካው። ምንም አልሆነም። እንደገና ነካው፤ አሁን ጠበቅ አድርጎ። ከዚያ ጣቱን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ዞር ብሎም አላየኝም። «ይኼኛው በጣት አይሰማም፤ ማውሱን ያዘው» አልኩት። ያዘው። ከ4 ደቂቃ በኋላ ፋይሉን አገኘው፤ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ረቂቅ» ብሎ ጽፎ። ፍለጋውን ማንም አላስተማረውም፤ ከስልኩ ያመጣው ነው። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ስታዩ የምትመዘግቡት ይህን ነው፦ ሁለቴ ክሊክ ሲያደርግ ማውሱ ይንሸራተትበታል ወይ? ቀኝ ክሊክ መቼ እንደሚጠቅም ያውቃል ወይ? ሲሳሳት ምን ያደርጋል? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ተሳስቶ የመጨረሻውን ድርጊት የሚመልሱትን ቁልፎች፣ ኮንትሮልና ዜድን፣ የሚጫን ልጅ ብቻውን መማር ይችላል። ተሳስቶ እጁን የሚያነሳው ልጅ ግን አጠገቡ መሆን አለባችሁ።

4. ዕውቀቱን በገጠመኝ ጠይቁ

«ኮምፒውተር ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከወረቀታችሁ ሰርዙት። መልሱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ በእንግሊዝኛ ይወርድላችኋል፤ ምንም አይነግራችሁም። «የግብዓት መሣሪያዎችን ዘርዝር» የሚለውም ያው ነው።

በምትኩ ከተማው ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥመውን አምጡና «ምን ታደርጋለህ? ለምን?» በሉት። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፤ ለያንዳንዱ 3 ነጥብ፣ ጠቅላላ 15።

«ሁለት ገጽ ጽፈህ የመጀመሪያውን ብቻ ሴቭ አድርገሃል። መብራት ሄደ። ምኑ ተረፈ? ለምን?» እዚህ ጋ የምፈልገው ራም የሚለውን ቃል አይደለም። ያልተቀመጠው ነገር ያለው መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ቦታ መሆኑን ይወቅ እንጂ በራሱ ቋንቋ ቢለው ሙሉ ነጥብ ነው።

«ፍላሽህ 4 ጊጋባይት ነው። አንዱ 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ስንት ይይዝልሃል?» መልሱ 5 ነው። ጊጋባይት ከሜጋባይት መብለጡን ብቻ ሳይሆን በስንት እንደሚበልጥ ማወቁን ያሳያችኋል።

«ፍላሽህን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደህ አሳትመህ መጣህ። ስትሰካው ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ምን ሆነ?» ይህን ያልደረሰበት የለም። ጥሩ መልስ «ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው፤ ሾርትከቱን አልከፍተውም፤ በአንቲቫይረስ አስፈትሻለሁ» የሚል ነው። «ፎርማት አደርገዋለሁ» የሚለው ፋይሉን በገዛ እጁ ይጥላል፤ 1 ነጥብ ስጡት።

«በአማርኛ የጻፍከውን ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ መጣ። ለምን?» ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ጥያቄ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል በኮምፒውተር የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የጽሕፈት ፕሮግራሞች ፊደሉን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ፎንቱ (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል) የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ምልክት ይወጣል። ተማሪው ታሪኩን ላያውቅ ይችላል። «ፎንቱ እዚያ ስለሌለ ነው» ካለ ይበቃል።

«ቴሌግራም ላይ ‹የፈተና ውጤት› የሚል ፋይል ተላከልህ፤ መጨረሻው ላይ ኢኤክስኢ የሚል አለበት። ትከፍተዋለህ?» አይከፍትም። ያ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ምክንያቱን ይንገራችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑን «ሲፒዩ» ብሎ የሚጠራውን ልጅ ነጥብ አትቀንሱበት። ከተማው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሲፒዩ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማቀነባበሪያ እንጂ ሳጥኑ እንዳልሆነ ነግራችሁ አርሙት፣ እለፉ።

5. ትየባ፦ አማርኛውን በእንግሊዝኛ መለኪያ አትለኩ

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ይሳሳታሉ፤ ልጆቹም ይጎዳሉ።

እንግሊዝኛ ትየባ የሚለካው በደቂቃ ስንት ቃል ተብሎ ነው። «አንድ ቃል» ተብሎ የሚቆጠረው 5 የቁልፍ ምት ነው፤ ክፍተቱም ይቆጠራል። ልጁ በ5 ደቂቃ 900 ምት ከጻፈ 180 ቃል ማለት ነው፤ ለ5 ሲካፈል በደቂቃ 36 ይሆናል። 10 ቃል ከተሳሳተ 170 ለ5፣ 34። እስከዚህ ቀላል ነው።

አማርኛ ግን እንደዚያ አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አነባበቡ በሚተየበው ኪቦርድ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ 5 ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ ፊደሎቹ ግን 3 ናቸው። ሳድሱ በአንድ ምት ይወጣል፤ ሌሎቹ ሁለት ምትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ቃሎቻችንም ረጃጅም ናቸው። «ስለማይመጡልን» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለዚህ ብዙ ቃል ያወጣል። ስለዚህ አማርኛን በቃል ቆጥሮ «በደቂቃ 9 ነው የምትጽፈው» ብሎ ልጅን ማሸማቀቅ ትክክል አይደለም።

አማርኛውን በፊደል ቁጠሩ። ወርድ ግርጌ ላይ የቃል ብዛት የሚያሳየውን ቦታ ክሊክ ስታደርጉ ክፍተት ሳይጨምር የፊደሉን ብዛት ይነግራችኋል። በደቂቃ አካፍሉ። እኔ የምጠቀመው መስፈርት ይህ ነው፦ በደቂቃ 30 ፊደል ለጀማሪ ይበቃል፤ 50 ጥሩ ነው፤ 70 የደረሰ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መሥራት ይችላል። ለእንግሊዝኛው 15፣ 20 እና 25 ቃል። ለሁለቱም 10፣ 10 ነጥብ።

ጽሑፉን ራሳችሁ ጻፉት። ከጋዜጣ የተቀዳ ጽሑፍ ቀላል ፊደሎችን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አስቸጋሪዎቹ ሆን ተብለው መግባት አለባቸው። የእኔ አንቀጽ እንዲህ ይጀምራል፦

«ጳጉሜን 5 ቀን ፀሐይ ወጣች። ጓደኛዬ ኳሱን ይዞ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወረደ። ሐምሌ ላይ የጀመረው የቋንቋ ትምህርት ስላለቀ ደስ ብሎታል፤ ዘንድሮ ግን ምን ሊማር ነው?»

አጭር ነው፤ ግን ጳ፣ ፀ፣ ሐ፣ ጓ፣ ኳ እና ቋ አሉበት። ስልክ ላይ የለመደ ልጅ «ቋ» ጋ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንዱ «ቁዋ» ብሎ ያልፋል። ያን አንድ ስሕተት ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሲጨርስ ቁልፉን አሳዩት።

አራት ነጥቡንም በደንብ እዩ። ስክሪን ላይ «።» እና «፡፡» አንድ ይመስላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሁለት የቃል መለያ ነጥብ ተደጋግሞ የተመታ ነው። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ወደ ታች ሊለያይ ይችላል። ፈልጎ መተካት ስትፈልጉም አራት ነጥብ ብላችሁ ስትፈልጉ አይገኝም። ይህ ስሕተት ትልልቅ መሥሪያ ቤት በሚወጣ ደብዳቤ ላይ ሳይቀር አለ። ከመጀመሪያው ምዘና ብንነግራቸው ይለምዱታል።

አሥሩንም ጣት ተጠቀም ብዬ አላስገድድም፤ ገና ሲመጡ በተለይ። የማየው ዓይናቸውን ነው። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ ስክሪኑን የሚያይ ልጅ ስሕተቱን ያገኛል። አንቀጹ እስኪያልቅ ኪቦርዱ ላይ ያቀረቀረው ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ላይ እንደቀረ የሚያውቀው ሲጨርስ ነው።

6. ደብዳቤው

ይህ የምዘናው እምብርት ነው፤ 40 ደቂቃ፣ 45 ነጥብ። ለእያንዳንዱ የታተመ ናሙና ስጡና «ይህን የሚመስል ሥራልኝ» በሉ። ናሙናው የራሳችን የሥራ ደብዳቤ ይሁን። ከቢሮ ወጥቶ ቢሮ የሚገባው እሱ ነው።

የእኔው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚጻፍ የአዳራሽ ጥያቄ ነው። ቀኝ ላይ «ቁጥር» እና «ቀን» አለ። ግራ ላይ «ለአራዳ ክፍለ ከተማ ወረዳ …» ይልና ከሥሩ «አዲስ አበባ» ይሰመርበታል። መሀል ላይ «ጉዳዩ፦ አዳራሽ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ»፣ ደመቅ ብሎና ተሰምሮበት። ሁለት አንቀጽ አለው፤ ጠርዙ ግራና ቀኝ እኩል የሆነ። «ከሰላምታ ጋር»፣ ከግርጌው «ግልባጭ»። ሁለተኛው ገጽ ላይ «አባሪ» የሚል ርዕስና ባለ 4 ረድፍ ሠንጠረዥ፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት። ወንበር 120፣ ጠረጴዛ 8፣ ማይክ 2። ግርጌ ላይ የገጽ ቁጥር። በመጨረሻ በስሙ ሴቭ ያደርገዋል፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በፒዲኤፍ።

ቀኑን በተለይ ተመልከቱ። ወርድ ላይ ቀን አስገባ የሚለውን ቁልፍ የነካ ልጅ የፈረንጁ ቀን ይወጣለታል። ደብዳቤው ደግሞ «ዓ.ም.» ይላል። በራሱ አስተውሎ በእኛ አቆጣጠር የጻፈ ልጅ የሚሠራውን እያነበበ ነው። እሱን አመስግኑት።

ሥራው ላይ እያሉ አትዙሩባቸው። ከኋላ ቁሙ። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ የእንግሊዝኛ ሜኑ ትርጉም ሲጠይቋችሁ። «ቲቸር፣ ማርጂን ማለት ምን ነበር?» ካለ «ኅዳግ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ የሚተወው ባዶ ቦታ» በሉት። የምንመዝነው ኮምፒውተሩን ነው፤ እንግሊዝኛውን አይደለም።

7. የፋይሉን ሆድ ክፈቱ

ተማሪዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እያንዳንዱን ፋይል ክፈቱ። ሆም ላይ ፊቷን ያዞረች የእንግሊዝኛ ፒ የምትመስል ምልክት አለች። እሷን ተጫኑ፤ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8። ያን ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይታያል። ስፔስ የተመታበት ሁሉ ነጥብ ይሆናል። ታብ ቀስት ይሆናል። ኢንተር የተመታበት ቦታ ያችው ፒ ትቀመጥበታለች።

አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎች ያስረከቡኝ ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር። ጎን ለጎን ይዣቸው ልዩነት አጣሁ። ፋይሎቹን ስከፍት ግን የአንደኛዋ «ቁጥር» እና «ቀን» በአንድ ትእዛዝ ቀኝ ሄደዋል። የሌላኛው ግን ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ድረስ እንደ ጤፍ የተዘራ ነጥብ ነው። ልጁ 60 ጊዜ ስፔስ መትቶ ነው ቀኝ ያደረሰው። ወደ «አባሪ» ለመሄድ ደግሞ 14 ጊዜ ኢንተር መትቷል። ደክሟል፤ ለፍቷል። ግን ያ ደብዳቤ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ይፈርሳል።

ይፈርሳል ስል በቃሌ አትመኑኝ፤ ሞክሩት። ሦስት ፈተና አለኝ።

መጀመሪያ፣ አንደኛው አንቀጽ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ። «አባሪ» በሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ከቆየ ልጁ በኮንትሮልና ኢንተር ገጹን ቆርጦታል። ወደ ታች ከተንሸራተተ በኢንተር ነው የገፋው።

ቀጥሎ፣ ሁሉንም በኮንትሮልና ኤ መርጣችሁ የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 14 አድርጉት። በስፔስ የተገፋው ቀን መስመሩን ጥሶ ወደ ታች ይወርዳል። በትክክል የተሰለፈው ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩ። እውነተኛ ሠንጠረዥ ከሆነ ይቀበላችኋል። በታብና በመስመር የተሳለ ከሆነ ግን መጨመሪያ የለውም።

ስትጨርሱ ያደረጋችሁትን ሳታስቀምጡ ዝጉ፤ የልጁ ፋይል እንዳለ ይቆይ።

45ቱን ነጥብ እንዲህ እከፍላለሁ፦ ለይዘቱ ትክክለኛነትና ለሥርዓተ ነጥቡ 10፤ ለአሰላለፉና ለኅዳጉ 10፤ ለገጽ ቆረጣውና ለገጽ ቁጥሩ 8፤ ለሠንጠረዡ 10፤ ለፋይሉ ስም፣ ቦታና ለፒዲኤፉ 7። ከእነዚያ ሁለት ልጆች አንዷ 41 አገኘች፤ ሌላው 22። ወረቀቱን ብቻ አይቼ ቢሆን ሁለቱም 41 ነበሩ።

የሰው ሥራ ተገልብጦ መጥቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፋይል፣ ኢንፎ የሚለው ውስጥ ጠቅላላ የተሠራበት ጊዜ አለ። ግን በዚያ ብቻ አትፍረዱ፤ ፋይሉ በሌላ ስም ሲቀመጥ ሊለወጥ ይችላል። የሚሻለው ልጁን ጠርቶ «ይህን ረድፍ እስቲ እዚሁ ጨምርልኝ» ማለት ነው። የሠራው ሰው በ10 ሴኮንድ ይጨምረዋል።

8. መብራት ቢሄድ፣ ማሽን ቢቆም

ደንቡን ከመጀመራችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ማሽኑ ከቆመ የጠፋው ደቂቃ ይተካል። ሴቭ ያላደረገ ልጅ የጠፋበትን እንደገና ይጽፋል፤ ግን ከነጥቡ አይቀነስበትም። ትምህርቱን ከዚያ በላይ የሚያስተምረው የለም። ዓይኑ የደከመ ተማሪ ካለ ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክር ገጹ እንደሚያድግለት ቀድማችሁ አሳዩት። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ከሌላው ጋር እኩል ሰዓት ሊበቃው እንደማይችል አስቡ፤ እኔ ሲመጡ በሚሰጠው ምዘና ላይ 10 ደቂቃ እጨምራለሁ፤ ሲጨርሱ በሚሰጠው ላይ ግን አልጨምርም።

9. ውጤቱን ቁጭ ብላችሁ ንገሩ

ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። እያንዳንዱን 5 ደቂቃ ጎናችሁ አስቀምጡ፤ የራሱ ፋይል ተከፍቶ። መጀመሪያ በደንብ የሠራውን አንድ ነገር አሳዩት፤ ካለ ማለቴ ሳይሆን፣ ሁልጊዜ አለ። ቀጥሎ ያችን ፒ ተጭናችሁ ሆዱን አሳዩት።

ያ ባለ 60 ስፔስ ልጅ ነጥቦቹን ሲያይ «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ። «አዎ፣ አንተ ነህ። አሁን አጥፋቸውና መስመሩን ቀኝ አሰልፈው» አልኩት። ኮንትሮልና አር ተጫነ። ቀኑ በአንድ ጊዜ ቀኝ ሄደ። መልሶ ግራ አደረገው፤ እንደገና ቀኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ማስተካከያውን በገዛ እጁ ያድርገው፤ እናንተ ማውሱን አትንኩ።

ከ100 ነጥብ 75ና ከዚያ በላይ ያገኘው መሠረታዊውን አልፎ ወደ ኤክሴል ይሂድ። ከ50 እስከ 74 ያለው የወርዱን ክፍል ብቻ ይድገም። ከ50 በታች ያለው ከእጁ ይጀምር፤ ከማውሱና ከፎልደሩ። ግን ድምሩን ብቻ አትዩ። ከእጁ ክፍል 20ውን አግኝቶ ደብዳቤው የወደቀበት ልጅ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። በቃል ጥያቄው ጎብዞ እጁ ላይ 6 ያገኘውን ግን ካላያችሁለት እንደዚያች እንደደወለችልኝ ልጅ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ፋይል አታጥፉት። በተማሪው ስም፣ በቀኑ አስቀምጡት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ስጡና ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ክፈቱ፤ ልጁም አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ነጥቦቹን ራሱ ይቁጠር።